የአባባ ያብስራ ጉርሻ

ማክሰኞ ጠዋት፣ ጆሮ የምንለው ግድግዳችን ላይ የተሰቀለው መሣሪያ የአፈራችንን ልክ ተናግሮ ሲያበቃ፣ አማቴ በሚመጣው ሰኞ እንደሚሞቱ ነገረን። ድምፁን አልለወጠም። «እርጥበት ሠላሳ አንድ። ጉድለት ሦስት ከመቶ። የአቶ ያብስራ ምላሽ ጸድቋል፤ ሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት» አለ።

ባሌ ይርዳው ባልዲውን ይዞ ወደ ማዳበሪያው ጉድጓድ እየሄደ ነበር። ቆመ። ከዚያ ባልዲውን ደፋ፣ አጠበ፣ ያጠበበትንም ውሃ ጎመኑ ላይ አፈሰሰ። እኔ ፀጉሬን አበጥሬ ስጨርስ ማበጠሪያው ላይ የቀረውን ለቅሜ ጉድጓዱ ውስጥ ጨመርኩ። የሰማነውን ብንሰማም፣ ጠዋት ጠዋት የሚመለሰው ሁሉ ይመለሳል። እንዲህ ነው የምንኖረው።

አባባ ያብስራ የሰሙ አልመሰለኝም። ፍየሏን እያለቡ ነበር። ጨርሰው ወተቱን አቀበሉኝና «ሰኞ ነው ያለው?» አሉ።

«ስህተት ነው» አልኳቸው።

«ይሆናል» አሉ።

ምላሽ የሚባለውን እዚህ ምንጃር የማያውቅ የለም። ለማያውቅ ልናገር። ከግቢ የወጣ ወደ ግቢ ይመለሳል ነው ሕጉ። የምንበላውን ከአጥራችን ውስጥ ነው የምናበቅለው፤ የበላነውም መልሶ ወደ አጥራችን አፈር ይገባል። የጎደለ ግቢ ይዘጋል፣ ሰዎቹም አዳማ ፎቅ ላይ ይሰፍራሉ። ሰው ሲሞት ያለ ሳጥን በጓሮው ይቀበራል፤ መጀመሪያ ምላሽ ማለት ይኼው ብቻ ነበር። ኋላ ዝናቡ እየራቀ አፈሩ እየሳሳ ሲመጣ በፈቃድ የሚባለው ተጨመረ። አንድ ሰው በገዛ አፉ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ በሦስት የተለያዩ ቀናት፣ ሰው ፊት አፈር መሆን እንደሚፈልግ ከተናገረ ቀን ይቆረጥለታል። መጥተው በመርፌ ያስተኙታል። አያምም ይላሉ። ሰውን ለምላሽ የገፋፋ ይታሰራል፤ አፈር ቤት የምንለው መሥሪያ ቤት በዚህ በጣም ይኮራል።

ድሮ ጆሮው ቁጥር ብቻ ነበር የሚያውቀው። በጥር አሮጌውን አውርደው አዲስ ሰቀሉልን። አዲሱ ወሬም ይሰማል።

ረቡዕ ዕለት ከአፈር ቤት አንዲት ልጅ መጣች። ትብለጥ ትባላለች፤ ሠላሳ ዓመት አይሞላትም። የጫማ ልባስ አጥልቃ፣ የአፈር ቤት ሰው ከሰው ማዕድ ስለማይበላ ምሳዋን በእሽግ ይዛ፣ መደቡ ጫፍ ላይ ልትወድቅ እንደደረሰች ሆና ተቀመጠች።

«እሳቸው እንዲህ ያለ ነገር አልተናገሩም» አልኳት ገና ሳታርፍ። «ቀኑን ሙሉ አብረን ነን፤ ሲናገሩ እሰማ ነበር።»

«ድምፃቸው አለ» አለችና የእጅ ሰሌዳዋን ነካ አደረገች።

የአባባ ድምፅ ወጣ። ጥር ሃያ ስምንት፣ የይርዳው የእህት ልጅ የመጣች ቀን። «በሞቴ፣ አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ።»

የካቲት ዘጠኝ፣ የፍየሏ ሐኪም የመጣ ቀን። «አፈር ስሆን ዶክተር፣ በባዶ ሆድህ ፍየሌን አትወጋም።»

የካቲት ሃያ፣ ጎረቤታችን አቶ ኪሩቤል። «ኪሩቤል፣ አፈር ስሆን። እምቢ ካልክ እንኳን ካንተ ከልጅ ልጅህም አልታረቅ።»

ሳቄ መጣ። እውነቴን ነው፣ ሳቅኩ። ይርዳውም ፈገግ አለ። አባባ ራሳቸው «አይ ድምፄ፣ እንዲህ ሻክሯል?» አሉ። ልጅቷ ብቻ አልሳቀችም።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ ብላ ማለት ነው።»

«ብላ ለማለት ብላ የሚል ቃል አለ።»

«አለ። ግን ብላ ስትዪው የሚበላ እንግዳ የታለ? መጀመሪያ በቃኝ ይላል። ሁለተኛም በቃኝ ይላል። አፈር ስሆን ስትዪው ነው የሚጎርሰው።»

«ከራበው ለምን መጀመሪያ አይበላም?»

«ያፍራላ።»

«ካፈረ ለምን ይገደዳል?»

ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ ግን መልስ አጥቼ አላውቅም።

«እናትሽ አጉርሳሽ አታውቅም?» አልኳት።

«በእጇ?» አለችኝ። ፊቷ ላይ የነበረው መጸየፍ አልነበረም፤ ነገሩን በዓይነ ሕሊናዋ ልታየው እየሞከረች ነበር። «እኛ ፎቅ ላይ ለየራሳችን ነው የሚመጣልን። የእኔ ለእኔ ነው፣ የእናቴ ለእናቴ።» ከዚያ ወደ ሰሌዳዋ ተመለሰች። «ጆሮው ቃሉን ከፍሎ ነው ያየው። በሞቴ የሚለው መንገዱን ነው፤ አፈር ስሆን የሚለው ውጤቱን። ሦስት ቀን፣ ሦስት ምስክር፣ ማንም አልጠየቃቸውም። ግልጽ ነው።»

«የሚሻረውስ እንዴት ነው?» አለ ይርዳው። ያን ቀን የተናገረው ይቺን ብቻ ነው።

«በራሳቸው አፍ። መኖር እፈልጋለሁ ካሉ፣ ወይም በዚያው መጠን ግልጽ የሆነ ቃል ከተናገሩ ይሻራል።»

ወደ አባባ ዞርኩ። ልጅቷ እጇን አነሳች። «አይጠይቋቸው። ተጠይቀው የተናገሩት አይያዝም። ደጋግመው ከጠየቋቸው ደግሞ እርስዎ ይያዛሉ።»

ሁላችንም አባባን አየናቸው። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ከጉልበታቸው ላይ ገለባ አነሱ፣ አዩት፣ መሬት ላይ ጣሉት።

«እንግዲህ እሱ ያውቃል» አሉ።

«ቃል አልተሻረም» አለ ጆሮው።

ልጅቷ ተነሳች። ልትወጣ ስትል፣ «ምላሹ ከተፈጸመ የግቢው ጉድለት ለዐሥር ዓመት ይሞላል። ካልተፈጸመ እስከ ሰኔ ሦስቱ ከመቶ መሟላት አለበት፤ ካልሆነ ግቢው ይዘጋል። ይህን የምነግራችሁ ለመገፋፋት አይደለም፤ ማሳወቅ ግዴታዬ ስለሆነ ነው» አለች። በር ላይ ባለው ብሩሽ ጫማዋን አራገፈች፤ ልባስ ካጠለቀ ሰው አይጠበቅም፣ ግን አራገፈች። አንዲት ቅንጣት አፈር ይዛብን አልሄደችም።

ሐሙስ ዕለት አባባን ይዤ ከበር ወጣሁ። ጆሮው ከብሩሹ ወዲያ አይሰማም። ጫማችንን አራግፈን መንገዱ ዳር የውሃ መውረጃው ጠርዝ ላይ ተቀመጥን።

«አባባ፣ አንድ ቃል ብቻ ነው።»

«የትኛው?»

«መኖር እፈልጋለሁ።»

«ኑሪያ፤ ማን ከለከለሽ?»

«እርስዎን ነው የምለው።»

ሳቁ። ጥርሳቸው ጥቂት ነው የቀረው፤ ሲስቁ እጃቸውን አፋቸው ላይ ያደርጋሉ። «እንጉዳይ፣ ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ሚስቴን ቀብሬያለሁ። እኩዮቼን ቀብሬያለሁ። አሁን ግቢ መሀል ቆሜ መኖር እፈልጋለሁ ብዬ ልለፍፍ? ኪሩቤል ቢሰማ ምን ይላል? ሽማግሌው ሞት ፈርቶ ጮኸ ነው የሚለው።»

«ቢልስ?»

«አንቺማ ምን አለብሽ። ስትወለጂም አዋላጇን ተቆጥተሽ ሳይሆን አይቀርም የወጣሽው።»

«መሞት ይፈልጋሉ እንዴ?»

«ማን ይፈልጋል?»

«እሱን ይበሉት። ገብተው እሱኑ ይበሉት፤ በዚሁ አፍ።»

«አሁን አንቺ ይበሉ አልሽኝ እኮ። ተገፋፍቼ ነው የሚሆነው። በስተርጅና ልዋሽ?»

ድንጋይ ብፈጭ ይቀለኝ ነበር። መንገዱን የሚያቋርጥ ሰው የለም፤ ከወዲያ ማዶ የተዘጋው የእነ ወይዘሮ ሜሮን ግቢ ይታያል። በሩ ላይ ቀይ ማኅተም አለ። ሰዎቹ ከሄዱ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ሽማግሌዎቹ ሁለቱም ፎቅ ላይ በገቡ በስድስት ወር ውስጥ ሞቱ፤ እዚያ ደግሞ የሞተውን የት እንደሚወስዱት አይነገርም።

«ደግሞ አፈሩ የጎደለው በእኔ ነው» አሉ አባባ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እንግዳ የምጠራ እኔ ነኝ። ያቺ በጥር የመጣችው የልጅ ልጄ በልታ፣ ጠጥታ፣ መጸዳጃ ቤቱን ዞር ብላ ሳታይ ሄደች። ፊቴ ላይ እንዳላስታወቅባት ሰማይ ሰማይ ነበር የማየው።»

ይሄ እውነት ነው። ጨዋ እንግዳ የበላውን ሳይነገረው መልሶ ነው የሚሄድ። እንግዳ ሲመጣ ከወጡ ይልቅ የምንጨነቀው መጸዳጃ ቤት ገባ አልገባ በሚለው ነው። አባባ ግን ማንንም ጠርተው ሳያበሉ አይውሉም። ሰው ሳይበላ ከቤታቸው ሲወጣ የሚያማቸው ሰው ናቸው።

ተመለስን። በር ላይ ጫማቸውን ሲያራግፉ አንዲት ጠጠር ከሶላቸው ፈልቅቀው አወጡ፣ ወደ ግቢው ውስጥ ወረወሯት።

ዓርብ ጎመን ልቆርጥ ጓሮ ስወጣ ይርዳው ሎሚው ሥር ሲቆፍር አገኘሁት። ካሬ አድርጎ፣ በሲባጎ ለክቶ።

«ምን ልትተክል ነው?»

ሲባጎውን አጥብቆ ሳበ።

«ይርዳው፣ ምን ልትተክል ነው አልኩህ።»

«እነሱ በማሽን ነው የሚቆፍሩት» አለ ሳያየኝ። «የሎሚውን ሥር ይቆርጡታል።»

አካፋውን ከእጁ ተቀብዬ መሬት ላይ ጣልኩትና ተቀመጥኩበት። ብዙ የምለው ነበረኝ። ጆሮው ጓሮም ይሰማል። እሱም የሚለው እንደነበረው አፉ ያስታውቃል።

«አባትህ ናቸው» አልኩት በመጨረሻ።

«አባቴ መሆናቸው ጠፍቶኝ ነው?» አለ። «እነ ሜሮን የት ናቸው? አባቷስ? ፎቅ ገብተው ስንት ወር ቆዩ?» ከዚያ ድምፁን ቀነሰ። «እኔ ምንም አላልኩም። ማንንም አልገፋፋሁም።»

«አልገፋፋህም። ቆፈርክ።»

ተነስቶ ሄደ። ጉድጓዱን ልደፍነው አሰብኩና ተውኩት። እውነቱን ስናገር፣ ጉድጓዱን ሳየው እኔም ልቤ ለአንድ አፍታ ሎሚው ሊያፈራ ይችላል ብሎ አስቧል። ይሄን ለማንም አልተናገርኩም። እዚህ የምጽፈው ጆሮው ማንበብ ስለማይችል ነው።

ቅዳሜና እሑድ ሰው ሊሰናበታቸው መጣ። እኔ ደግሞ የማደርገው ጠፍቶኝ እንዲናደዱ ለፋሁ፤ የተናደደ ሰው የልቡን ይናገራል ብዬ። ሬዲዮናቸውን ደበቅሁ። ፍየልዎ ከስታለች ብሎ ኪሩቤል ያወራል አልኳቸው። «እውነቱን ነው፣ ከስታለች» አሉኝ። የዕድሜ ልክ ምርኩዛቸውን ሰበርኩና ተሰበረ አልኳቸው። «ተመስገን፣ ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል» አሉ። የዛን ጊዜ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ያለቀስኩበትን ጨርቅ ጨምቄ ቃሪያው ሥር አፈሰስኩ፤ ልማድ ነው።

እንግዳው ደግሞ ጉድ ነበር። አባባ ለእያንዳንዱ ያቀርባሉ። እንግዳው በቃኝ ይላል፤ አባባ አፋቸውን ይከፍታሉ፤ «አፈር ስ…» ሲሉ እኔ አሳል ይይዘኛል። አልተሳካልኝም። «ተደግሟል፤ አራተኛ» አለ ጆሮው። ትንሽ ቆይቶ «ተደግሟል፤ አምስተኛ።» ከዚያ ወሬው ተሰራጨና የሚመጣው ሁሉ ገና ብሉ ሳይባል መጉረስ ጀመረ። አቶ ኪሩቤል ከበር ገብተው ሳይቀመጡ ሳህኑን ሳቡና በቆሙበት ሁለቴ ጎረሱ። «በልቻለሁ ያብስራ፣ በልቻለሁ፣ ምንም አትበለኝ» አሉ አፋቸው ሞልቶ።

አባባ ከፋቸው። ከማክሰኞ ጀምሮ ሰኞ ይሞታሉ ተብለው ፊታቸው ያልተለወጠ ሰው፣ ኪሩቤል ሲጎርሱ ፊታቸው ጠቆረ። ከሄዱ በኋላ፣ «ምን ነካቸው? አገሩ ራበው እንዴ?» አሉኝ። «ቤቴ መጥቶ ሳልለምነው የሚበላ ሰው ምን ይሉታል?»

እሳቸው የሚናደዱት በሞት እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። የሚናደዱት በማዕድ ነው። ሳይለመን የሚበላ ሰው እንዲህ ካስቆጣቸው፣ ተለምኖ የማይበላው ምን ሊያደርጋቸው ነው? እስከ መጨረሻው እምቢ የሚል እንግዳ ደግሞ ምንጃር ውስጥ የለም። ከአዳማ ግን ሰኞ ሦስት ሰዓት ይመጣል።

ዶሮ አረድኩ። ላባውን ጉድጓዱ ውስጥ አስገባሁ። ማንንም አልጠየቅኩም፣ ማንንም አልገፋፋሁም፤ እንግዳ ሲመጣ ወጥ መሥራት ክልክል አይደለም።

ሰኞ ትብለጥ ከሾፌርና ከአንድ ነጭ ልብስ ከለበሰ ሰው ጋር መጣች። ሁለቱ በር ላይ ቀሩ፤ ነጭ የለበሰው ሳጥኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መኪናው ውስጥ ተቀመጠ። አባባ ታጥበው፣ የታጠበ ልብስ ለብሰው፣ ማዕዱ አጠገብ ነበሩ። ከመሄድ በፊት ከቤተሰብ ጋር መብላት ይፈቀዳል። የሚመጣው ሰው ግን እንዲበላ አይጠበቅም።

«ቁጭ በይ ልጄ» አሏት።

መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከአዳማ ስትነሳ ገና አልነጋም ነበር፤ ዓይኗ ያስታውቃል። የወጡ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል።

«ብዪ።»

«አልበላም አባባ። አመሰግናለሁ።»

«ትንሽ።»

«ደንባችን አይፈቅድም።»

«ደንቡን በኋላ እናየዋለን። አፈር ስሆን፣ አንዴ ብቻ።»

«ተደግሟል፤ ስድስተኛ» አለ ጆሮው።

አባባ እንጀራውን ቆረሱ፣ ከፈረሰኛው ሥጋ ጠቀለሉበት፣ አሳምረው አጠፉትና ዘረጉላት። ልጅቷ ጉርሻውን አየችው። ከዚያ እንደተማረችው፣ በጨዋ ደንብ፣ ቀስ ብላ ተናገረች።

«አልፈልግም።»

በቃኝ ሲባሉ ኖረዋል። ጠግቤያለሁ፣ ቅድም በልቻለሁ፣ ሆዴን ያመኛል፣ ይሄን ሁሉ ሰምተዋል። አልፈልግም የሚል ቃል ግን በሰባ ስምንት ዓመታቸው ማዕድ ላይ ሰምተው አያውቁም። ጆሯቸውን ያላመኑ መስለው ጠጋ አሉ።

«ምን አልሽ?»

«አልፈልግም አልኩ። ይቅርታ አባባ፣ ሦስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ሰውየው እየጠበቀ ነው።»

«ይጠብቃ!» አሉ። የአንገታቸው ሥር ሲነሳ አየሁት። «ቤቴ መጥተሽ፣ መደቤ ላይ ተቀምጠሽ፣ እጄን መልሰሽ? ስሚኝ ልጅት፣ አንቺ ይቺን ሳትጎርሺ እኔ አልሞትም።»

ጆሮው መልስ ሲሰጥ ቆይቶ አያውቅም። ያን ቀን ቆየ። ውጪ ፍየሏ ጮኸች። ይርዳው እጁ ሳህኑ ውስጥ እንዳለ ቀረ።

«ምላሽ በቅድመ ሁኔታ ታግዷል» አለ ጆሮው። «ቅድመ ሁኔታ፦ ወይዘሪት ትብለጥ ከአቶ ያብስራ እጅ መጉረስ።»

ልጅቷ ሰሌዳዋን አየች። አንብባ መልሳ አነበበችው።

«ምን ማለት ነው?» አልኳት።

«ስጎርስ ይፈጸማል ማለት ነው።»

«ካልጎረስሽስ?»

«ካልጎረስኩ አይፈጸምም።»

አባባ ይሄን ሁሉ አልሰሙም፤ ወይም መስማት አልፈለጉም። ጉርሻው ከልጅቷ አፍ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ነው። ቁሌቱ በጣታቸው እየወረደ ነው። የልጅቷ ጉሮሮ ከፍ ዝቅ ሲል አየሁት። ርቧታል። በሕይወቷ ሰው እጁን ዘርግቶላት አያውቅም።

እኔ ደግሞ የቤቱ ሴት ነኝ። እንግዳ እቤቴ ጦሟን ተቀምጣ፣ የሽማግሌ እጅ ተንጠልጥሎ፣ ዝም ማለት አልለመድኩም። «ኧረ ተቀበያቸው» የሚለው ቃል ሳላስበው ጥርሴ ድረስ መጣ። ምላሴን ነከስኩት። ደሙን ዋጥኩት።

«ተቀበያቸው እንጂ፣ እጃቸው ዛለ» አለ ይርዳው።

ሁላችንም አየነው። እሱ መሬት መሬት ያያል። ከልማድ ይሁን ከሌላ፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም። የማልጠይቀውም መልሱን ስለምፈራ ነው።

ትብለጥ እሱን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ ከአፌ ጠርዝ ደም እየወጣ እንደነበር ኋላ ነው ያወቅኩት። ከዚያ ጉርሻውን አየችው። ሁለት እጇን አነሳችና እንደ ልጅ አፏን በመዳፎቿ ሸፈነች።

«አልጎርስም» አለች ከእጆቿ ሥር።

አባባ እጃቸውን ቀስ ብለው መለሱ። «አሳዳጊ የበደላት» አሉ ለራሳቸው። ጉርሻውን ወደ እኔ አዞሩት፣ ጎረስኩት።

በር ላይ ልጅቷ ጫማዋን ስታራግፍ ብዙ ቆየች። «በእንጥልጥል ያለ ምላሽ ያለበት ግቢ አይዘጋም» አለችኝ ቀና ሳትል። «ደንቡ ላይ አለ። ሁኔታው ተሟላ አልተሟላ በየወሩ የመጀመሪያ ሰኞ እየመጣሁ አረጋግጣለሁ። እሳቸው ማቅረብ አለባቸው፤ እኔ እምቢ ማለት አለብኝ። እንዲህ ካልሆነ አይመዘገብም።» ነጭ የለበሰው ሰው ሳጥኑን ዘጋ። ሄዱ።

ይሄ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈው። ይርዳው ጉድጓዱን ደፍኖ ሽንኩርት ተከለበት። አባባ ሰማንያ ደፍነዋል፤ ፍየሏንም አሁንም ራሳቸው ናቸው የሚያልቡ። የወሩ መጀመሪያ ሲደርስ ከሦስት ቀን በፊት ይጀምራሉ፤ ምን እንሥራላት፣ ባለፈው ድንቹ አልተመቻትም፣ የባቄላ እልበት እንሞክር እንዴ ይሉኛል። ጆሮው ያለውን ያውቃሉ። አንድ ቀን ከበር ውጪ ጠይቄያቸው፣ «አውቃለሁ» ብለውኛል። «ታዲያ ለምን ይለምኗታል?» ስላቸው፣ «እንግዳ አይደለች?» አሉኝ።

የእሳቸውን ነገር ትቼዋለሁ። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ የልጅቷ ነገር ነው።

መጀመሪያ ሰሞን መደቡ ጫፍ ላይ ነበር የምትቀመጥ። ወደ መስከረም ላይ ጠጋ አለች። ኅዳር ላይ የጫማ ልባሷን በር ላይ አወለቀች። ታኅሣሥ ላይ ወጡ ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቀችኝ። ነገርኳት፣ ምን ላድርግ። አባባን አባቴ ማለት ጀምራለች። ባለፈው ወር ደግሞ እሳቸው ጠቅልለው ሲዘረጉላት፣ ፈገግ አለችና አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ «በቃኝ አባቴ» አለች።

አልፈልግም አላለችም። በቃኝ አለች።

አባባ ደስ አላቸው። እኔ የውሃውን ጣሳ ወደ ራሴ ሳብኩ። አልፈልግም የሚል ሰው አይጎርስም። በቃኝ የሚል ሰው ግን በሦስተኛው ይጎርሳል፤ ይሄን ሰው ሁሉ ያውቃል፣ እሷ ብቻ ናት የማታውቀው። በቃኝን ማን እንዳስተማራት አላውቅም። ከእኛ ሰምታ ነው የሚሆነው። ሁለተኛም በቃኝ አለች፤ ግን ሁለተኛውን ስትል ዓይኗ ጉርሻው ላይ ነበር። ሦስተኛው ሳይመጣ ውሃ ደፋሁባቸው።

ዛሬ የወሩ የመጀመሪያ ሰኞ ነው። መኪናዋ በር ላይ ቆሟል፤ ጫማዋን ስታራግፍ ይሰማኛል። በዚህ አገር በወጥ ሙያዬ ስሜ የሚነሳ ሴት ነበርኩ። አሁን ድስቱን እሳት ላይ ጥጄ፣ ውሃ ሳልጨምርበት፣ አጠገቡ ተቀምጬ ይሄን እጽፋለሁ።

«እንጉዳይ፣ ምንድነው የሚሸተው?» ይላሉ አባባ ከውስጥ።

«ምንም» አልኳቸው።

እንጨት ጨመርኩ።